ርቀትንና የጉዞ ጊዜን ስለ መግለጽ

የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር በጥሞና አንብቡ።

«ታኅሣሥ 10 ቀን አውሮፕላኑ ከዋሽንግተን ደለስ ከረፋዱ በ5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጧቱ በ2 ሰዓት ቦሌ ደረሰ።»

ሰዋስዉ አይነቀፍም። ነገር ግን ጉዞው ስንት ሰዓት ፈጀ? 21 ብትሉ ትሳሳታላችሁ። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሰዓት የዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ስለሚቀድም በረራው 13 ሰዓት ብቻ ነው። (በሐምሌ ልዩነቱ 7 ይሆናል፤ አሜሪካኖች በበጋቸው ሰዓታቸውን ወደ ፊት ይገፋሉና።)

ተጓዡ «ከረፋዱ በ5 ሰዓት ተነሥቼ 13 ሰዓት እበራለሁ» ብሎ ለእናቱ ቢጽፍ፣ እናቱ በቤታቸው ሰዓት ቆጥረው ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ቦሌ ይገኛሉ፤ ልጃቸውንም 8 ሰዓት ሙሉ ይጠብቃሉ። የጎደለው «በዋሽንግተን ሰዓት» የሚል አንድ ሐረግ ነው።

«የጉዞው ርዝመት» ማለትም ያሻማል። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሄድም በመመለስም አይለወጥም። ጊዜው ግን ይለወጣል። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን በቀላሉ አይነሣም። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል።

መልመጃ፦ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር፣ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደ ሆነ ለይታችሁ እንደገና ጻፉ።