«ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍና የብራና ምስክሮቹ

ከመጻሕፍተ ሊቃውንት አንዱ የሆነው «ቄርሎስ» በስሙ የአንድ ሊቅ ድርሰት ይመስላል፤ ሲገለጥ ግን የብዙ አበው ጉባኤ ነው። በግንባሩ የቆመው እ.ኤ.አ. ከ412 እስከ 444 በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠው ቅዱስ ቄርሎስ ነው፤ ስለ ቀናች ሃይማኖት ለንጉሥ ቴዎዶስዮስ የጻፈው፣ ለንጉሡ እኅቶች የላከው፣ ከጰላድዮስ ጋር በጥያቄና መልስ «ክርስቶስ አንድ እንደ ሆነ» ያስረዳበት ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ ጋር በ431 በኤፌሶን ንስጥሮስን ያወገዙ አባቶች ስብከቶችና የሌሎች ሊቃውንት፣ የኤጲፋንዮስም ጭምር፣ ቃል ተጠርዟል።

መጽሐፉ በአክሱም ዘመን ከጽርእ በቀጥታ የተመለሰ ነው። ሃይማኖተ አበው ግን ብዙ ዘግይቶ ከዐረብኛ መጣ። ልዩነቱን ስሞች ይናገራሉ፤ በዐረብኛ «ጰ» ስለሌለ በዚያ መንገድ የመጣው የጽርኡ ሂጶሊጦስ «አቡሊዲስ» ሆኖ ቀርቶልናል። በቄርሎስ ያሉት ስሞች ለጽርኡ የቀረቡ ናቸው።

ሆኖም ከተርጓሚው እጅ የወጣው ብራና ዛሬ የለም። በእጃችን ያሉት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተገለበጡ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ የዘለለውን መስመር ሌላው ቅጂ ይመልሰዋል፤ ጎዶሎ ጥራዝም ቢሆን ምስክር ነው። ዲልማን በ1866 ከመጽሐፉ ከፊሉን አሳተመ፤ ቬይሸርም በኋላ ቅጂዎችን እያስተያየ ክፍል በክፍል አወጣው።

በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍትን አንሥቷል። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሆነው ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ደክመዋል። ፊልም ግን የቀለሙን ዓይነት፣ የጥራዙን አሰፋፍና የተፋቀውን ጽሕፈት በሙላት አያሳይም።

እንግዲህ በአንኮበር ጉምና በደብረ ብርሃን ብርድ መካከል ዕቃ ቤት የሚጠብቁ ሰበካ ጉባኤያት በመዝገባቸው «ቄርሎስ፣ 1» ብለው ባያበቁ ይሻላል። የእያንዳንዱ ድርሰት ርእስ በቀይ ቀለም ስለሚጻፍ፣ ግእዝ የሚያውቅ ካህን ርእሶቹን በተራ ገልብጦ የቅጠሉን ቍጥር፣ የጸሐፊውንና ያስጻፈውን ስም ቢያክል በቂ ነው። የተበተነ ቅጠል ሲገኝ በግምት ወደ ሌላ መጽሐፍ አይሰፋም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከየትኛው ማኅደር እንደ ወጣ ተጽፎበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።