የእናት የአእምሮ ጤናና የኦቲዝም ምልክት የሚታይበት ሕፃን

ከዲላ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጪጩ የምትኖር አንዲት እናት በሐሳባችን እንውሰድ። ወቅቱ ቀይ ቡና የሚለቀምበት ነው። ልጇን አዝላ ስትለቅም ውላ ማታ ስታጫውተው፣ የአንድ ዓመቱ ሕፃን ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ፈገግታዋንም እምብዛም አይመልስም። ጎረቤት «እርግማን ነው» ይላል። እርሷም «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» እያለች እንቅልፍ ታጣለች። በዚህ ጽሑፍ ሳይንስ ለጥያቄዋ የሚሰጠውን መልስ እንመለከታለን።

ኦቲዝም ከሰው ጋር መግባባትንና ባሕርይን የሚነካ የአንጎል ዕድገት ልዩነት ነው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በ11 ልጆች ላይ ያየውን ከጻፈ በኋላ፣ በምዕራቡ ዓለም «መንስኤው የእናት ፍቅር ማነስ ነው» የሚል አስተሳሰብ ለብዙ ዓመታት ሰፍኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው የመንትዮች ጥናትና ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርምሮች ግን የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አረጋግጠዋል። ስለዚህ ኦቲዝም በእናት አያያዝ ጉድለት አይመጣም።

ታዲያ የእናት የአእምሮ ጤና ለምን ያሳስበናል? ሕፃን ስሜቱን መግራት የሚማረው ከአሳዳጊው ፊትና ድምፅ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሙከራ፣ እናቶች ሲያጫውቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃዎች ፊታቸውን ያለ ስሜት እንዲያደርጉ ተደረገ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ እናቶቻቸውን ለመመለስ ሞከሩ፤ ሳይሳካላቸው ሲቀር ፊታቸውን አዞሩ።

ድብርት የእናትን ፊትና አንደበት በተመሳሳይ መንገድ ሊያደበዝዝ ይችላል። የኦቲዝም ምልክት ያለበት ሕፃን በበኩሉ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ወይም የዘገየ ነው። ምላሽ ያጣች እናት ተስፋ ትቆርጣለች፤ ሙከራዋ ሲቀንስም የሕፃኑ የመማር ዕድል ይቀንሳል። ችግሩ በማንም ጥፋት ሳይሆን በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ይባባሳል።

የእናት ጭንቀት የሕፃንን እንክብካቤ እንደሚነካ በአገራችንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቡታጅራ የተካሄደው ጥናት፣ በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ጡት ማጥባት የመዘግየት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በጥናቱ ያገለገለው መመዘኛ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎችን የያዘ ነው፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ማልቀስና ስለ ድካም ይጠይቃል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የጤና ባለሙያ ሕፃኑን ሲመረምር እናቲቱንም «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ አባት፣ አያትና ጎረቤት ወቀሳውን ትተው ሥራዋን ይካፈሏት። ሦስተኛ፣ ከሕፃኑ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር መከተል፣ ድምፁን መልሶ ማሰማትና ምላሹን በትዕግሥት መጠበቅ ይጠቅማል። ሕፃኑ በአንድ ዓመቱ ለስሙ ምላሽ ካልሰጠ ወይም በእጁ ምልክት ካላሳየ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ የመጣባት እናት ደግሞ በአስቸኳይ ሕክምና ማግኘት አለባት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና፣ ከልጁ ክህሎት ጋር የአሳዳጊውንም ደኅንነት ያካትታል። የጪጩዋን እናት ማከምም ልጇን የመርዳት አንዱ ክፍል ነው እንላለን።