ስለ ነጭ ሽንኩርት መዓዛና መዓዛው ስለሚቀሰቅሰው በሽታ

ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባትና ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላቸው የደጋ አገሮች ናቸው። በዚህም ምድር ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ እንደሚመረት ሁሉ ነጭ ሽንኩርትም ይመረታል። ነጭ ሽንኩርት ለባላገሩ ገንዘብ የሚያስገኝለት በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በመዓዛው ነው፤ መዓዛው የጠፋውን ነጭ ሽንኩርት ባለሙያ ሴትም ሆነች የምግብ ፋብሪካ አይፈልጉትምና። ስለዚህ ይህ መዓዛ ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚጠፋ ማወቅ ወረዳ ለሚያስተዳድር ሹም፣ መሬትም ለያዘ ሰው ሁሉ የተገባ ነው።

ያልተነካ የነጭ ሽንኩርት ራስ ብዙ አይሸትም። ሽታው የሚወጣው በቢላዋ ሲከተፍ ወይም በሙቀጫ ሲወቀጥ ነው። ይህም የሚሆነው በፍሬው ውስጥ አሊን የሚባል ዲን ያለበት ቅመምና አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ለየብቻቸው ተዘግተው ስለሚኖሩ ነው። ፍሬው በደቀቀ ጊዜ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከመገናኘታቸውም አፍን የሚያቃጥለውና አፍንጫን የሚወጋው አሊሲን ይወለዳል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዌርትሃይም የተባለ የኦስትርያ ሊቅ የነጭ ሽንኩርትን ዘይት በእንፋሎት አጣርቶ መረመረ፤ አሊሲንን ለይተው ያወቁት ግን ከ100 ዓመት በኋላ በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ናቸው።

ኢንዛይሙ በብርቱ ሙቀት ይጠፋል። ሳይከተፍ በድስት የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ለስላሳ የሆነው፣ ተወቅጦ ከበርበሬ ጋር የተደለዘው ግን ኃይለኛ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሾርባና ለቋሊማ የሚሆን የነጭ ሽንኩርት ዱቄት የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎችም ሲያደርቁ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። እንዲህ የደረቀ ዱቄት ውሃ በነካው ጊዜ መዓዛው እንደገና ይነሣል። ባላገሩም ከማሳው ያነሣውን ነጭ ሽንኩርት ውሃ ሳያስነካ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አንገቱ እስኪደርቅ ቢያቆየው ሳይበሰብስ ይቀመጥለታል። መዓዛው ከዲን የሚሠራ ስለ ሆነ ዲን ባነሰበት መሬት የበቀለው ነጭ ሽንኩርት ሽታው ይደክማል።

ነገር ግን ገዢን የሚጠራው ይህ መዓዛ ጠላትንም ይጠራል። ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ ከሻጋታ የሚመጣ ነው። ሻጋታው ከጎመን ዘር ያነሱ ጥቁር ፍሬዎች ሠርቶ በአፈር ውስጥ ያኖራል፤ እነዚህም ፍሬዎች ሳይበቅሉ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት በተተከለ ጊዜ ከሥሩ የሚወጣው ዲን ያለበት ሽታ ይደርሳቸውና ይነቃሉ፤ ሥሩንም ይይዙታል። ገብስና ስንዴ ግን አይቀሰቅሷቸውም። በ10 ኪሎ አፈር ውስጥ አንዲት ብቻ ብትገኝ ጉዳት ልታስከትል ትችላለች፤ በ1 ኪሎ አፈር ከ10 እስከ 20 የተገኙ እንደ ሆነ ግን ከበሽታው የሚያመልጥ ተክል የለም ለማለት ይቻላል። ሻጋታው ቀዝቃዛ አፈርን ስለሚወድ ደጋው ይስማማዋል።

የበሽታው ምልክት ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ መሆኑ፣ ተክሉም ሲስቡት ያለ ድካም መነቀሉ፣ ከራሱም በታች እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታና ጥቁር ነጠብጣብ መታየቱ ነው። ይህ በታየበት ቀበሌ ሹማምንትና ባለ መሬቶች የሚከተለውን ቢያስፈጽሙ ይጠቅማል።

1ኛ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው ከራሱ በተፈለፈለው ፍሬ ስለ ሆነ በሽታው ከዘሩ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከየት እንደ መጣ ካልታወቀ ክምር ዘር አይገዛ፤ ጤናው ከታወቀ ማሳ ይመረጥ።

2ኛ፤ የታመመው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል እንጂ ወደ ፍግ ጉድጓድ አይጣል።

3ኛ፤ በታመመ ማሳ የዋለ ማረሻና መቆፈሪያ ጭቃው ታጥቦ እንጂ እንዲሁ ወደ ሌላ ማሳ አይግባ፤ ከዚያም ማሳ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ ቦይ ይቆፈርለት።

4ኛ፤ በሽታው የገባበት መሬት ለገብስ፣ ለስንዴና ለባቄላ ይተው። ሦስትና አራት ዓመት አሳርፎ ነጭ ሽንኩርት መመለስ ግን ሻጋታውን መቀለብ ነው።

በሌላ አገር የነጭ ሽንኩርትን ዘይት ወይም ዱቄት ሽንኩርት በሌለበት ማሳ ውስጥ በመጨመር ሻጋታውን ያታልሉታል። እርሱም ተክል የመጣ መስሎት ይነቃና የሚበላው አጥቶ ይሞታል። ይህ ዘዴ ብዙውን ቢቀንስ እንኳ ሁሉን አይጨርስም፤ ዋጋውም ለትንሽ ማሳ ይከብዳል። ስለዚህ የሚበልጠው በሽታው ሳይገባ መጠበቅ ነው። አባት በአንድ ከረጢት ዘር ያስገባውን በሽታ ልጅ ከመሬቱ ጋር ይወርሰዋልና፣ የዘሩን መነሻ መጠየቅ ለሹሙም ለባላገሩም የመጀመሪያው ሥራ ይሁን።