የእንጨት ጓጕንቸር

በአሜሪካ አገር፥ በሚሺጋን ግዛት፥ ዶዋጃክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ጄምስ ሄዶን የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሥራው ንብ ማርባት ነበረ፤ ዓሣ ማጥመድንም እጅግ ይወድ ነበር። አንድ ቀን የወፍጮ ውሃ በሚጠራቀምበት ኵሬ ዳር ተቀምጦ ባልንጀራውን ሲጠብቅ፥ እንጨት በሰንጢ ይቀርጽ እንደ ነበረ ይነገራል። ባልንጀራው በመጣ ጊዜ ቍራጩን እንጨት ወደ ውሃው ወረወረው። ወዲያው አንድ ትልቅ ዓሣ ከታች ወጥቶ እንጨቱን መታና ወደ ላይ አጐነው። ሄዶንም ይህን አይቶ ተደነቀ።

ከዚህ በኋላ ጓጕንቸር የሚመስል ማባበያ ከእንጨት ቀረጸ፤ መንጠቆም አሰረበት። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓመት መንግሥት ስለ ሠራው ማባበያ የፈጠራ መብት ሰጠው። ከልጆቹም ጋራ ፋብሪካ አቆመ።

ያ ዓሣ ባስ ይባላል። አፉ ሰፊ ስለ ሆነ ጓጕንቸርንም አይጥንም ይውጣል። ከጥልቁ ሆኖ ወደ ላይ በተመለከተ ጊዜ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ይታየዋል፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ነገር ግን እንደ ጥቁር ጥላ ነው። ስለዚህ በማባበያው ጀርባ ላይ የተቀባው ያማረ ቀለም ከዓሣው ይልቅ ገዥውን ሳያታልል አይቀርም። ደግሞ በዓሣው ጐን ላይ እስከ ጅራቱ የተሰመረ ቀጭን መስመር አለ። በዚህ መስመር የውሃውን መንቀጥቀጥ ያውቃል፤ በጨለማም ቢሆን የሚንቀሳቀሰውን ነገር ያገኘዋል።

አጥማጁ ማለዳ ወይም ማታ፥ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፥ ማባበያውን በቄጠማው አጠገብ ይጥላል። በውሃው ላይ የተነሣው ክብ ማዕበል እስኪጠፋ ድረስ አይነካውም። ከዚያ በኋላ ዘንጉን በጥቂቱ ነቅነቅ ያደርጋል፤ ደግሞም ይቆያል። ይህን መቆየት ችኩል ልጅ አይወደውም። ዓሣው በታላቅ ድምፅ ውሃውን በመታ ጊዜ ልጁ ደንግጦ ዘንጉን ይስባል፤ መንጠቆውም ባዶውን ከውሃ ወጥቶ ወደ ፊቱ ይወረወራል። በዚህ ምክንያት ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው ግን ድምፁን ሰምቶ አይስብም፤ የዓሣው ክብደት በእጁ እስኪሰማው ድረስ ይታገሣል።

ነገር ግን ባስ ማባበያውን የሚመታው ስለ ራቡ ብቻ አይደለም። የክረምቱ ብርድ አልፎ ውሃው መሞቅ በጀመረ ጊዜ ወንዱ በዳር፥ ጥልቅ ባልሆነ ስፍራ፥ መሬቱን በጅራቱ ጠርጎ ክብ ጎጆ ያበጃል። ሴቲቱ እንቁላልዋን ጥላ ትሄዳለች። አባትየው ግን እንቁላሉን በክንፉ እያራገበ፥ የሚቀርበውንም ሁሉ እያባረረ ይጠብቃል። በእነዚያ ቀኖች የሚበላው ጥቂት ነው። የእንጨቱ ጓጕንቸር በጎጆው ላይ ባለፈ ጊዜ ጠላት መስሎት ይመታዋል። እንደዚህ ያለውን ዓሣ ለመያዝ ብዙ ብልሃት አያስፈልግም።

እርሱ በመንጠቆ ተይዞ በተነሣ ጊዜ በአቅራቢያው የሚዞሩት ትናንሽ ዓሦች ፈጥነው ወደ ጎጆው ይገባሉ፤ እንቁላሉንም ይበላሉ። በካናዳ አገር፥ በኦንታሪዮ ግዛት፥ በብዙ ሐይቆች ይህ የጎጆ ወራት እስኪያልፍ ድረስ ባስ ማጥመድ በሕግ የተከለከለው ስለዚህ ነው። ሳያውቅ የያዘው ሰው መንጠቆውን በቶሎ ነቅሎ እዚያው በያዘበት ስፍራ ይለቀዋል። ዓሣውም ወደ ጎጆው ይመለሳል። እንቁላሉ እንዳለ ከሆነ ጥበቃውን ይቀጥላል፤ እጅግ ጐድሎ ያገኘው እንደ ሆነ ግን ጎጆውን ትቶ ወደ ጥልቁ ይሄዳል።