የማዕድ ላይ ጨዋታና የጋዜጠኛ ማስታወሻ

የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በዊተንበርግ ቤቱ ማዕድ ቀርቦ ከተማሪዎቹ ጋር ስለ እምነትም፣ ስለ ትዳርም፣ ስለ ሙዚቃም ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1531 ኮርዳቱስ የተባለ እንግዳ እዚያው ማዕድ ላይ ንግግሩን መጻፍ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሉተር በ1546 ሞተ። አውሪፋበር የተባለ ሰው ማስታወሻዎቹን አሰባስቦ፣ አንዳንዱንም አስፋፍቶ በ1566 አሳተመ። ተናጋሪው ግን የማረም ዕድል አላገኘም።

ለእኛስ? ባለፈው ዶርም ውስጥ ሻይ ይዘን ስለ ጾምና ስለ ዘፈን ስንከራከር ደብተሬን አወጣሁ። አንዷ ጓደኛችን «ልትጽፊው ነው እንዴ?» አለችና ጨዋታው ፈረሰ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄ የጻፍኩትን አነበብኩላት፤ ሁለት ቦታ አረመችኝ። የልብ ጨዋታ የሚገኘው ሰው ሲተማመን ነው። ስለዚህ ሳንጽፍ እናስፈቅድ፣ ከጻፍን በኋላም እናንብብላቸው።