ወገን ቢለያይ ዘመድ አይለያይ

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በ9ኛው ምዕራፍ ኹለት ነገሮችን ሳያራርቅ ጽፎልናል። አንደኛው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ላይ በሦስቱ ደቀ መዛሙርት ፊት ክብረ መንግሥቱን እንደ ገለጠ ነው። ኹለተኛው ደግሞ ከሦስቱ ኹለቱ፥ ይኸውም ወንድማማቾቹ ያዕቆብና ዮሐንስ፥ ከተራራው ከወረዱ በኋላ አንድ የሳምራውያን መንደር አላስተናግድም ቢላቸው እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲያጠፋው ለመጠየቅ እንደ ተነሡ፥ ጌታችንም እንደ ገሠጻቸው ነው። ብርሃነ መለኮቱን ያዩት እነዚያው ዐይኖች፥ ያልተስማማቸውን ሰው በእሳት ሲቃጠል ለማየት ፈለጉ። እንግዲህ ብርሃንን ማየት ብቻ ከቍጣ እንደማያድን፥ ከተራራው ከወረዱ በኋላም ልብን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንማራለን።

ስሟን ከታቦር ተራራ ለወሰደችው ለደብረ ታቦር ከተማና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ምእመናን ይህ ነገር የተለየ ቁም ነገር አለው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በዓሉን ስናከብር ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፥ ሙልሙል ይታደላል፥ በየደጁ ምርቃት ይሰማል። ነገር ግን በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተማዪቱ በከባድ መሣሪያ ተመትታ ሰው ሞቶባታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ውጊያ በአማራ ክልል ተስፋፍቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። እንዲህ ያለው ጦርነት በሜዳና በመንገድ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ቤት ይገባል። አንዱ ልጅ የመንግሥት ሠራተኛ ኾኖ ደመወዝ ይበላል፤ ያንዱ ልብ ዱር ከገቡት ጋራ ነው፤ ሦስተኛው በውጭ አገር ኾኖ በስልክ ኹለቱንም ይወቅሳል። እናትም በመካከል ትቆማለች።

ስለዚህ ነገር ምእመናን ካህናቱን ይጠይቃሉ፤ ካህናቱም ዘመድ አላቸውና ራሳቸው በጥያቄው ውስጥ ናቸው። እኛም ከቅዱሳት መጻሕፍትና ካገራችን ታሪክ ያገኘነውን በአጭሩ ለማቅረብ አሰብን።

፩. ነገሩ ባገራችን አዲስ አይደለም

ደብረ ታቦር የራስ ዐሊ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ራስ ዐሊ ልጃቸውን ተዋበችን ለቋራው ካሣ ዳሩ። ጋብቻው ለዕርቅና ለሰላም የታሰበ ነበር። ኾኖም ሥልጣን አማትንና አማችን አጣላና በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በአይሻል ተዋጉ። ካሣ ድል አደረጉ፤ ራስ ዐሊ ሸሹ፤ ካሣም በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እቴጌ ተዋበች በአባታቸውና በባላቸው መካከል ቆመው ከባላቸው ጋራ ጸኑ፥ በ1850 ዓ.ም.ም ዐረፉ። የታሪክ ጸሓፊዎች የድሉን ቀን ይቈጥራሉ፤ ልጅም ሚስትም የኾነች የአንዲት ሴት ልብ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈለ የሚቈጥረው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ከዚያም በኋላ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አሉ። ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. በዙፋን ሲቀመጡ ባልና ሚስቱ እንዲለያዩ ተደረገ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ከመሐል አገር በዘመተው ጦር ፊት ተሰልፈው በአንቺም ሜዳ ወደቁ። ኹለት ቀን ቈይቶ መጋቢት 24 ቀን ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዐረፉ። ያ ጦር የዘመተው እርሳቸው በዙፋን ባሉበት መንግሥት ስም ነበር፤ የወደቁትም ቀድሞ ባላቸው የነበሩት ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ካንድ ቤት አንዱ ዐርበኛ ኾኖ ዱር ገባ፥ አንዱ ባንዳ ተባለ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም.፥ ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን፥ አንዱ ወንድም ኢሕአፓ፥ አንዱ መኢሶን፥ አንዱ የደርግ ካድሬ ኾኖ ባንድ መሶብ ያደጉ ልጆች እርስ በርሳቸው ተፈራሩ። ከእነዚህ ዘመናት የምንማረው ነገር አለ። መንግሥታቱ ዐለፉ፤ ሰው የተጣላበት ክርክርም ለብዙዎች እንግዳ ነገር ኾነ። በቤት ውስጥ የተነገረው ክፉ ቃልና ከቤት ወጥቶ የተሰጠው ጥቆማ ግን እስከ ልጅ ልጅ አልተረሳም።

፪. ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል

ከዘመድ ጋራ ስንለያይ በመካከላችን ያለው ነገር ምን እንደ ኾነ አስቀድመን እንመርምር። አሳብ ነውን? በደል ነውን? ወይስ ጥላቻ ነውን?

አሳብ የምንለው አገር በማን ይመራ፥ በምን ሥርዐት ይተዳደር፥ ጥያቄስ በምን መንገድ ይቅረብ የሚለውን ነው። በዚህ ቅን ሰዎችም ይለያያሉ። ቅዱስ ጳውሎስና በርናባስ እንኳ በማርቆስ ምክንያት ተከራክረው በየመንገዳቸው እንደ ሄዱ በሐዋርያት ሥራ 15ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስም በመጨረሻ ዘመኑ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ያንኑ ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ለመነው። ተለያይተው ነበር፤ አልተጣጣሉም ነበር።

በደል ግን ሌላ ነው። የሰው ደም ማፍሰስ፥ ንብረት መዝረፍ፥ በሐሰት መክሰስ፥ ሰውን አግቶ ገንዘብ መቀበል፥ ያልታጠቀን ሰው መምታት የማንም ወገን ሥራ ቢኾን ኀጢአት ነው እንጂ አሳብ አይባልም። ዘመዳችን ሲያደርገው ስሙን ለውጠን ልንሸፍነው አይገባም።

ጥላቻ ደግሞ በልባችን የሚቀመጥ ነውና ዘመዳችን ትክክል ቢኾንም ባይኾንም ኀጢአቱ የራሳችን ነው። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ስለዚህ ነው። ሳሉ ሌባውን እንደሚያጋልጠው ቂሙም ጸላዩን ያጋልጠዋል።

አብዛኛው የቤት ጠብ የሚመጣው እነዚህን ሦስቱን ካለመለየት ነው። የዘመዳችንን አሳብ እንደ በደል እንቈጥራለን፤ የወገናችንን በደል እንደ አሳብ ቈጥረን እናልፋለን፤ የራሳችንን ጥላቻ ግን ለእውነት መቆርቆር ነው እንላለን።

፫. የአባታችን የአብርሃም ምሳሌ

በኦሪት ዘፍጥረት በ13ኛው ምዕራፍ የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ተጣሉ። አብርሃም አጎት ሲኾን፥ የመምረጥም መብት ሳለው፥ ምርጫውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። ሎጥ ለምለሙን መርጦ ወደ ሰዶም አቀና፤ በሰላምም ተለያዩ። አብርሃም የሎጥን ምርጫ ወደደው የሚል ነገር አልተጻፈም። በ14ኛው ምዕራፍ ግን ሎጥ በነገሥታቱ ጦርነት መማረኩን በሰማ ጊዜ 318 የቤቱን ሰዎች አሰልፎ በሌሊት ደርሶ አስመለሰው። ይህን ቍጥር ምእመናን ከ318ቱ ሊቃውንት የተነሣ በሚገባ ያውቁታል። በሰዶም መኖሩን ያልወደደለትን ዘመድ በምርኮ አልተወውም። «ራሱ መርጦ የገባበት ነው» አላለም።

ይህ ምሳሌ ለእኛ መለኪያ ይኹነን። ከዘመድ ጋራ ባንድ ግጦሽ መዋል ባይቻል መራራቅ ኀጢአት አይደለም፤ ያዕቆብና ዔሳውም ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ አንዱ ወደ ሴይር፥ አንዱ ወደ ሱኮት ሄደዋል። ኀጢአቱ ዘመድ ሲታሰር፥ ሲታመም ወይም ሲሞት «የእጁን አገኘ» ማለት ነው።

የጌታችን ማዕድም እንዲሁ ነበረ። ከዐሥራ ኹለቱ ሐዋርያት አንዱ ማቴዎስ ቀራጭ ነበር፤ አይሁድም ቀራጮችን የሮማውያን አገልጋዮች አድርገው ይጠሏቸው ነበር። ሌላው ቀናተኛ የተባለው ስምዖን ነው፤ ይህንም ስም ብዙ መምህራን የሮማውያንን አገዛዝ አጥብቀው ከሚቃወሙት ወገን እንደ ነበረ ያስረዱበታል። ኹለቱ ባንድ ማዕድ ተቀመጡ። አንዱ ሌላውን አሸንፎ አይደለም፤ ኹለቱም ከቀድሞው ወገናቸው የሚበልጥ ጌታ ስላገኙ ነው።

፬. በቤት ውስጥ ምን ይደረግ

አንድ ቤት በምሳሌ እናንሣ። አባት ዐርፈው የአርባው ቀን ተዝካር ደረሰ። ታላቁ ልጅ የወረዳ ሹም ነው፤ ታናሹ ደግሞ የመንግሥት ተቃዋሚ መኾኑ ይታወቃል። ታናሹ «የወንድሜ ባልደረቦች ከተቀመጡበት አልቀመጥም» አለ፤ ታላቁም «እንዳይመጣ፥ ያስጠይቀኛል» አለ። እናቲቱ ጠላውን ጠምቀው፥ እንጀራውን አስጋግረው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱና «አባ፥ ለአንድ ሙት ኹለት ዳስ ልጣልን?» ብለው ጠየቁ።

ካህኑ ምን ይመልሱ? «ከልጆችሽ እገሌ ትክክል ነው» ቢሉ በዚያች ቀን አባትነታቸው ያልቃል። «ወለተ ማርያም፥ ዳሱ አንድ ይኹን፥ የሚቀረውን ለእኔ ተዪው» ብለው ኹለቱን ልጆች ለየብቻ ያነጋግሩ። ለታላቁ ስለ መንግሥት አያንሡ፤ ወንድሙ ወደ አባቱ ተዝካር ሲመጣም ሲሄድም እንዳይነካ ቃል ለመስጠት ይችል እንደ ኾነ ይጠይቁት። ለታናሹም ስለ ዱር አያንሡ፤ በዚያ ቀን በእናቱ ቤት ጠብ እንዳይጀምር ቃል ይቀበሉት። ታላቁ ቃል ለመስጠት ካልቻለ ካህኑ ታናሹን «ና» ብለው አያስገድዱት፤ ባለበት ኾኖ ስለ አባቱ ይጸልይ። ሰላም በማታለል አይገኝምና። ቃል የሰጠ ግን ያፈረሰ እንደ ኾነ የበደለው ወንድሙን ብቻ ሳይኾን የአባቱንም ተዝካር ነው።

ከዚህ በቀር ምእመናን ሊጠብቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ በለቅሶ፥ በሠርግ፥ በክርስትናና በማኅበር ዕለት የመንግሥት ነገር በማዕድ ላይ አይነሣ። ይህ እውነትን መፍራት አይደለም፤ ለኹሉም ጊዜ አለውና ያ ቀን የሌላ ስለ ኾነ ነው።

ኹለተኛ፥ ክርክር ቢያስፈልግ ፊት ለፊትና ለብቻ ይኹን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 18ኛው ምዕራፍ ያዘዘው ሥርዐት በመጀመሪያ ለብቻ፥ ቀጥሎ ካንድ ወይም ከኹለት ምስክር ጋራ፥ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ፊት ነው። እኛ ዛሬ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ወንድማችንን ሳናነጋግር በስልክ በሺሕ ሰው ፊት እናዋርደዋለን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የተጻፈ ወለምታማ በየሰው እጅ ይቀራል። በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፥ እናንተ በጻፋችሁት ቃል እዚህ ያለ ወንድማችሁ ሊጠየቅበት እንደሚችል አትርሱ።

ሦስተኛ፥ በማዕድ የተሰማ ቃል ከማዕድ አይውጣ። እንጀራ ቆርሶ ያጐረሰን ዘመድ በተናገረው አሳብ ለማንኛውም ወገን አሳልፎ መስጠት የይሁዳን መንገድ መከተል ነው።

አራተኛ፥ ልጆችን የጠብ ወራሽ አናድርጋቸው። የአጎቱን ስም በስድብ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ የአጎቱን ልጅ በየትኛው ስም ይጠራዋል?

አምስተኛ፥ እውነተኛ በደል ካለ በዝምታ አይሸፈን። ሽማግሌ ይቀመጥ፥ በዳይ ይመን፥ ካሣ ይከፈል፥ ንስሐ ይገባ፤ በሕግ የሚታየውም በሕግ ይታይ። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ብሏል፤ ነገር ግን ልባቸው ተመልሶ እንደ ኾነ አስቀድሞ መርምሯል። ይቅር ለማለት መዘጋጀት የእኛ ፈንታ ነው፤ ዕርቅ የሚፈጸመው ግን እውነት ሲነገር ነው።

፭. ለካህናት

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ፈተና ውጭ አልነበረችም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው በስደት ኖሩ፤ ሲኖዶሱም የአገር ቤትና የስደት ተብሎ ተከፈለ። በውጭ አገር ባንድ ከተማ የሚኖሩ ወንድማማቾች ባንድ ቤተ ክርስቲያን ለመቁረብ አልቻሉም ነበር። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. ግን አባቶች በዋሽንግተን ተገናኝተው ውግዘቱን አንሥተው ታረቁ፤ ብፁዕነታቸውም ወደ አገራቸው ተመለሱ፥ ስማቸውም ከብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ስም ጋራ በጸሎት እንዲነሣ ተወሰነ። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት ባገራቸው ምድር ነው። ይህ ዕርቅ በዕድሜ የዘገየ ቢኾንም በቅዳሴ የኹለት አባቶችን ስም አብሮ አሰምቶናል። ስለዚህ ካህን ለምእመኑ «ታረቅ» ሲል ስለማያውቀው ሸክም እንዳይናገር ያስብ፤ ሸክሙ የእርሱም ነበር።

ካህን እንደ ዜጋ አሳብ ሊኖረው ይችላል። መስቀሉን ግን ለኹሉም ያሳልማል። በኑዛዜ የሰማውንም ለማንም አይገልጥም፤ በዐውደ ምሕረትም አንዱን ወገን ለማስደሰት የሌላውን እናት አያስለቅስም።

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንለዋወጥ ሲያዝዝ በስተቀኛችንም በስተግራችንም ላለው እጅ እንነሣለን፤ ወገኑን አንጠይቅም። ከቅዳሴ ወጥተን ቤታችን ስንደርስ የምንነፍገው ያንኑ ሰላምታ ከኾነ፥ ከታቦር ወርደው እሳት እንደ ለመኑት ኹለት ወንድማማቾች ኾነናል። እነርሱ ግን ተግሣጹን ሰሙ። እሳት የለመነው ዮሐንስ በኋላ ስለ ፍቅር አብዝቶ የጻፈው ሐዋርያ ነውና፥ ለእኛም ተስፋ አለን። እግዚአብሔር ቤታችንን በፍቅር ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።