በአቀበት ላይ ስለሚሰማ የሞተር ድምፅ፤ ለየወረዳው የእርሻ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

የእርሻ መሥሪያ ቤት መኪና የሚጭነው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የከብት ክትባት ነው። ሁሉም ቀን የተቈረጠላቸው ናቸው። ዘሩ የመዝሪያው ወራት ካለፈ በኋላ፣ ክትባቱም በረዶው ከቀለጠ በኋላ ቢደርስ፣ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ መኪናው በአቀበት ላይ ያልተለመደ ድምፅ ባሰማ ጊዜ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሹም «ቀስ ብለህ ሂድ» የሚባልበትንና «አሁኑኑ ቁም» የሚባልበትን ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። የጋራዥ ሥራ ይማር ማለታችን አይደለም፤ ጆሮውን ይስጥ ማለታችን ነው እንጂ። በዜማ ቤት የቈየ ሰው ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉንም ከአራራዩ ወዲያው እንደሚለይ ሁሉ፣ የሞተርም ድምፅ ለለመደው ሰው እንዲሁ የተለየ ነው።

አቀበት የሞተርን ገመና ይገልጣል። በሜዳ ሲሄድ ሞተሩ ከኃይሉ ጥቂቱን ብቻ ስለሚሰጥ የላላው ብረት ዝም ይላል። በአቀበት ግን ፒስተኑ በሙሉ ኃይል ስለሚገፋ ክፍተት ያለበት ሁሉ ይመታል። የአገራችንም አቀበት የራሱ ጠባይ አለው። ከዐባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። ከታች ቈላው ትኩስ፣ አየሩም ወፍራም ነው፤ ከላይ ግን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው ለመለየት ይረዳል። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ነዳጅ መስጫው በተረገጠ ጊዜ ቆሎ በምጣድ ላይ ሲንጣጣ የሚሰማውን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ቢያሰማ፣ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ነው። ምክንያቱም ደካማ ቤንዚን፣ የጋለ ሞተር፣ በፒስተኑ ራስ ላይ የተጠራቀመ ጥላሸት፣ ወይም ደግሞ ሾፌሩ ማርሽ ለመቀነስ መስነፉ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበዛል። እግሩን ጥቂት አንሥቶ ማርሹን አንድ ቢቀንስ ድምፁ ይጠፋል። አየር መጭመቂያ በሌለው ሞተር ይህ ድምፅ በቈላው በርትቶ፣ ወደ ደጋው ሲወጡ ይቀንሳል፤ ስስ አየር በሞተሩ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ያነሰ ነውና። ጉዞውን በዝግታ መቀጠል ይቻላል። ነገር ግን ችላ ተብሎ ለብዙ ጊዜ የቈየ እንደሆነ ፒስተኑን እስከ መብሳት ይደርሳል።

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ግን በተፈጥሮው የሚያንኳኳ ስለሆነ በዚህ አይመዘንም። የእርሱ ምልክቱ ለውጡ ነው፤ ትናንት ያልነበረ ስለታም ምት ከብዙ ጢስ ጋር ከመጣ፣ ናፍጣ የሚረጨውን ክፍል ባለሙያ ይመርምረው።

እጅግ የሚያስፈራው ሌላው ነው። ይኸውም ወፍራም፣ ከታች ከሞተሩ ሆድ የሚመጣ፣ የአንጥረኛ መዶሻ የመሰለ «ኳ ኳ» ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ከፍታ ቢጨምርም አይቀንስም፤ ማርሽ ቢቀነስም አይጠፋም። የፒስተኑ ክንድ ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው፣ በጋራዥ ብሮንዚኒ የሚባለው ተበልቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜም መነሻው የዘይት ማነስ ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ ባነሣ ጊዜ ያነሰው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ፖምፓውም በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ያን ጊዜ የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል።

ይህን የምጽፍ እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የበግና የፍየል ክትባት ይዘን ከዐባይ ስንወጣ ይህን ድምፅ ሰምቼ ነበር። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ ብንቆም ይሻላል» አለኝ። እኔ ግን በማግሥቱ ጠዋት ገበሬው መንጋውን ይዞ እንደሚጠብቀን እያሰብሁ «ከላይ እንቆማለን፤ ንዳው» አልሁት። አራት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን ክንዱ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ወጋው። የጎደለው ዘይት ሦስት ሊትር አይሞላም ነበር። በረዶው ሌሊቱን ቀለጠ፤ ክትባቱም ተጣለ። ገበሬዎቹ መንጋቸውን ይዘው እስከ ቀትር ከቈዩ በኋላ ወደየቤታቸው መመለሳቸውን በኋላ ሰማሁ። ሾፌሩ በጽሑፍ ምክንያት እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር፤ ትእዛዙ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምሁ።

ሌሎቹ ድምፆች ይህን ያህል አያስጨንቁም። ሞተሩ ሲግል ቬንቲላቶሩ እንደ ነፋስ ቢያጓራ በብዙ መኪና ጤነኛ ሥራው ነው። «ሲጥ» የሚለው ችንጋ ላልቷል። «ቱፍ ቱፍ» የሚል ከሆነ የጢስ መውጫው ተነድሏል። ድምፁ ከሞተሩ መሆኑ ያጠራጠረ እንደሆነ፣ በሜዳ ቦታ ቆሞ ማርሹን ነጻ አድርጎ ሞተሩን ማስጮህ ነው፤ ዝም ካለ ጥፋቱን በካምቢዮው፣ በክሮቼራው ወይም በዲፈረንሻሉ ይፈልጉት።

ስለ አቋቋሙም ጥቂት እንበል። ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑና መሪው ይከብዳሉና፣ አስቀድሞ ዳር ይዞ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ከዚያ ማጥፋት ይገባል። ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይደረግ። የራዲያተሩ ክዳን ትኩስ ሳለ አይነካ፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና፣ ክዳኑ ሲከፈት የታመቀው ውሃ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ፊት ያቃጥላል። ዘይቱ በዘቅዛቃ ቦታ ቢለካ ልኩ ሐሰት ነው፤ ስለዚህ ሜዳ በተገኘበት፣ ሞተሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይለካ። በመለኪያው ጫፍ ያለውን ዘይት በሁለት ጣት አሽተው በፀሐይ ይዩት፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከታየበት መኪናው ይጎተት እንጂ አይነዳ። ሲነሡም ያን ድንጋይ ከመንገዱ ላይ ያንሡት፤ በሌሊት ለሚመጣው ሌላ መኪና ትተውት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸውና።